ርካሽ ኪራይ፣ ውድ መያዣ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው ደላላውን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ሊብሬው በማን ስም ነው?» ይላል። ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ደላላው ምንም ያህል ቢምል ቢገዘት፣ ባለቤቱን ሳያይና ሊብሬውን ሳይጨብጥ ቀብድ የሚሰጥ ነጋዴ ቢኖር በገበያው ዘንድ መሳቂያ ይሆናል። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ለዕቃ ግዢ ወደ ዱባይ ሊሄድ ሲነሳ፣ ማታ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ መኪና ሲከራይ፣ ጥያቄውን ይረሳዋል። ስልኩ ላይ የመኪናው ፎቶግራፍ አለ፤ ከፎቶግራፉ ሥር ዋጋው አለ፤ ከዋጋው አጠገብ መኪናውን ለማስያዝ የሚጫኑት ምልክት አለ። ምልክቱን ይጫንና መኪና ተከራየሁ ብሎ ይተኛል።

እውነቱን ለመናገር ገና አልተከራየም። እስካሁን ያደረገው ነገር ደላላ ማነጋገር ነው። የኪራዩ ውል የሚፈረመው በጉዞው ቀን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ካለው የአከራዩ ጠረጴዛ ፊት ነው። ነጋዴው እዚያ ሲደርስ ሌሊቱን ሲበር አድሯል፤ ሻንጣውን ይጎትታል፤ ዕቃ አቅራቢው ቀጠሮ ይዞ ይጠብቀዋል። ሰዎች መጥፎ ውል የሚፈርሙት ደግሞ እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ይመስላል።

ደላላው ሌላ፣ ባለቤቱ ሌላ

በኢንተርኔት የሚካሄደው የመኪና ኪራይ ገበያ ሦስት ዓይነት ተዋናዮች አሉት። የመጀመሪያው አወዳዳሪው ነው። ስካይስካነርና ካያክን የመሳሰሉት ድረ ገጾች የብዙዎችን ዋጋ ሰብስበው ጎን ለጎን ያሳያሉ፤ ከዚያም ደንበኛውን ወደ ሻጩ ይመሩታል። ሁለተኛው ደላላው ነው። ቡኪንግ ዶት ኮም፣ ሬንታልካርስ ዶት ኮም፣ ኤክስፒዲያና ሌሎችም አንድም መኪና ሳይኖራቸው የሌሎችን መኪና ያስይዛሉ፤ ገቢያቸው ከሽያጩ የሚያገኙት ኮሚሽን ወይም ትርፍ ነው። ሦስተኛው አከራዩ ነው። እንደ ኸርትዝ፣ አቪስ፣ ሲክስትና ዩሮፕካር ያሉ ስመ ጥር ኩባንያዎች እንዲሁም በየከተማው የሚገኙ አነስተኛ አከራዮች በዚህ ወገን ይመደባሉ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በብዙ አገሮች የታዋቂው ኩባንያ ስም በሩ ላይ ይለጠፍ እንጂ ሥራውን የሚያካሂደው ስሙን ለመጠቀም ፈቃድ የገዛ የአገሩ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ከአወዳዳሪው ወደ ደላላው፣ ከደላላው ወደ ስመ ጥሩ ኩባንያ፣ ከኩባንያው ወደ ባለፈቃዱ ሲወርድ በተከራዩና በመኪናው ባለቤት መካከል ሁለትና ሦስት ሰው ይቆማል። ችግር በተፈጠረ ጊዜ እያንዳንዱ ወደሚቀጥለው ይጠቁማል።

ውድድሩም ቢሆን የሚታየውን ያህል ሰፊ አይደለም። ቡኪንግ ዶት ኮም፣ ሬንታልካርስና ካያክ የአንድ ባለቤት፣ ይኸውም የቡኪንግ ሆልዲንግስ ንብረት ናቸው። ስካይስካነር እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ዛሬ ትሪፕ ዶት ኮም ግሩፕ በሚባለው የቻይና ኩባንያ እጅ ነው። በአከራዮቹ በኩልም ኢንተርፕራይዝ እ.ኤ.አ. በ2007 ናሽናልንና አላሞን ጠቅልሏል፤ ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ዶላርንና ትሪፍቲን ገዝቷል፤ አቪስና በጀት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በስልኩ ሦስት ሱቅ ዞርኩ የሚል ነጋዴ የዞረው የአንድ ባለሱቅ ሦስት በር ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ደላላው አይጠቅምም ማለት አይደለም። ደላላ በየትኛውም ገበያ ጥቅም አለው። ብዙ ዋጋ በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ አከራዮቹ እርስ በርስ እንዲፎካከሩ ያደርጋል፤ ብዙውን ጊዜ መኪናው ከሚነሳበት ሰዓት 48 ሰዓት በፊት ለሰረዘ ሰው ገንዘቡን ይመልሳል። ጥፋቱ የሚመጣው ነጋዴው የደላላውን ዋጋ የባለቤቱ ውል አድርጎ ሲቆጥረው ነው።

ካርዱ ዋስ ነው

እዚህ አገር መኪና የሚያከራይ ሰው ለማያውቀው ተከራይ ቁልፍ አይሰጥም። ዋስ አምጣ ይላል። ዋሱ የታወቀ ሰው፣ ሥራና አድራሻ ያለው፣ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቅ መሆን አለበት። ውጭ አገር ያለው አከራይም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ዋሱ ሰው መሆኑ ቀርቶ ካርድ መሆኑ ላይ ነው።

አከራዩ በጠረጴዛው ላይ ካርዱን ተቀብሎ የተወሰነ ገንዘብ ያግድበታል። ገንዘቡን አልወሰደውም፤ ባለቤቱም እንዳይጠቀምበት አድርጎታል። መኪናው በደህና ከተመለሰ፣ ቅጣትና ጉዳት ከሌለበት፣ እገዳው ይነሳል። ለክሬዲት ካርድ ባለቤት ይህ እምብዛም አይከብድም፤ የታገደው ገና ያልተበደረው የባንኩ ገንዘብ ነውና። ቅድመ ክፍያ ወይም ዴቢት ካርድ ለያዘ ሰው ግን የታገደው በእጁ ያለ ጥሬ ገንዘቡ ነው። ከአገራችን ባንኮች ለጉዞ የሚሰጡት ካርዶች ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ዶላር ይሞላባቸዋል፤ የሞላውን ያህል ይሠራሉ።

ሁለት መዘዝ ከዚህ ይወለዳል። አንደኛው፣ ብዙ አከራዮች ቅድመ ክፍያ ካርድን ለመያዣነት ጨርሶ አይቀበሉም። በእነርሱ ዓይን የቅድመ ክፍያ ካርድ ነገ ኪሱ ባዶ የሚሆን ዋስ ነው። ደላላው በዚያ ካርድ የኪራዩን ሒሳብ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ይህ ካርድ አይሆንም ብሎ ቁልፉን ሊከለክል ይችላል። በዚያ ሰዓት ተከራዩ ወደ ደላላው ቢደውል የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ «የአከራዩ ደንብ ላይ ተጽፏል» ይባላል። እውነትም ተጽፏል። ቀድሞ የተከፈለው ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ሁለተኛው መዘዝ ካርዱ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚመጣ ነው። መያዣው የነጋዴው መሥሪያ ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይገዛ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። እንዲህ ተወዶ የተገዛ ዶላር ዱባይ ላይ ደርሶ ናሙና ሊገዛ፣ ቀብድ ሊከፍል ሲገባው አከራዩ ዘንድ ታግዶ ይቀመጣል። ነጋዴው ሳያውቀው ያለ ወለድ አበዳሪ ሆነ ማለት ነው።

ቁጥሩ ሲሰላ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይበጃል። አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ለአራት ቀን ዱባይ ይሄዳል እንበል። ዴራ ሆቴል ይዟል፤ ሻርጃ ያሉ የመለዋወጫ ሱቆችን ያያል፤ ድራጎን ማርት ይደርሳል፤ ጀበል አሊም ጉዳይ አለው። በስልኩ በቀን 90 ድርሃም የሚል መኪና አገኘ። የአራት ቀን ኪራይ 360 ድርሃም ይሆናል። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ሒሳብ የተቆረጠ ስለሆነ ስሌቱ አያስቸግርም፤ 98 ዶላር ገደማ ነው። ለታክሲ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ይመስላል።

አከራዩ በመያዣነት 2,000 ድርሃም አገደ እንበል። ይህ 545 ዶላር ያህል ነው። በካርዱ 2,500 ዶላር ሞልቶ የሄደ ነጋዴ ከዕቃ መግዣው ከአምስት እጅ አንዱ ገና ሥራ ሳይጀምር ተያዘበት። በዚያ አገር ደግሞ መያዣ መኪናው በተመለሰ ማግስት አይለቀቅም። የትራፊክ ቅጣትና የመንገድ ክፍያ ዘግይቶ ስለሚመጣ አከራዮቹ ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያቆዩታል። ነጋዴው አዲስ አበባ ተመልሶ ዕቃውን ከጉምሩክ ለማውጣት ሲሯሯጥ ገንዘቡ ዱባይ ነው።

ወደ መንገድ ክፍያው እንምጣ ቢባል፣ ዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሳሊክ የሚባል የመንገድ ክፍያ አላት። መኪናው በበሩ ሥር ባለፈ ቁጥር ይቆጠራል፤ ሰው ቆሞ አያስከፍልም፤ ስለዚህ ሾፌሩ ላያስተውለው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ወዲህ ክፍያው በሰዓት ተከፋፍሏል። በሥራ ቀን በተጨናነቀ ሰዓት 6 ድርሃም፣ በሌላው ሰዓት 4 ድርሃም ነው፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በነፃ ይታለፋል። ነጋዴያችን በቀን ስድስት ጊዜ በተጨናነቀ ሰዓት ቢያልፍ በአራት ቀን 144 ድርሃም ይሆናል። አንዳንድ አከራዮች በእያንዳንዱ ማለፊያ ላይ የራሳቸውን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምሩበታል።

የፍጥነት ቅጣቱ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። በዱባይ መንገዶች የፍጥነት ካሜራው የሚይዘው ከተፈቀደው ልክ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ያለፈውን ነው። ሾፌሩም ይህን ሰምቶ ይለምደዋል። አቡ ዳቢ ግን ይህን የ20 ኪሎ ሜትር ይቅርታ እ.ኤ.አ. በ2018 አንስታለች። አንዱ ኤምሬት ውስጥ የታለፈው ፍጥነት ሌላው ኤምሬት ውስጥ ያስቀጣል። ከተፈቀደው ከ20 በላይ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያለፈ ሰው ቅጣቱ 600 ድርሃም ነው። የነጋዴያችን ሒሳብ በአንዲት የካሜራ ብልጭታ እንዲህ ይሆናል፤ ኪራይ 360፣ ሳሊክ 144፣ ቅጣት 600፣ በድምሩ 1,104 ድርሃም፤ ይኸውም 300 ዶላር። በቀን 90 ድርሃም ተብሎ የተጀመረው ኪራይ በቀን 276 ድርሃም ወጣበት። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ታሪክ ነው።

መድን የሚመስለው ወረቀት

ብዙ ተከራይ የሚሳሳትበት ሌላው ጉዳይ መድኑ ነው። ድረ ገጹ ላይ ከዋጋው አጠገብ የጉዳት ሽፋን ተካትቷል የሚል ጽሑፍ ይታያል። ተከራዩም ሙሉ ኢንሹራንስ ገዛሁ ብሎ ያምናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ ሽፋን አከራዩ ከተወሰነ መጠን በላይ ያለውን ጉዳት ከተከራዩ ላለመጠየቅ የሚገባው ቃል ነው። እስከዚያ መጠን ድረስ ያለውን ተከራዩ ከኪሱ ይከፍላል። መያዣውም ከዚህ መጠን ጋር የተያያዘ ነው። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው የታችኛው አካል ደግሞ በብዙ ውሎች ከሽፋኑ ውጭ ናቸው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ደላላው በጥቂት ዶላር በቀን «ሙሉ ጥበቃ» የሚል ነገር ይሸጣል። ርካሽ ነው፤ መጥፎም አይደለም። ይሁንና አሠራሩን ማወቅ ይገባል። ይህ ጥበቃ ተከራዩን ከአከራዩ አያስጥልም። መኪናው ቢጫር አከራዩ ገንዘቡን ከካርዱ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ተከራዩ ደረሰኙን፣ ውሉንና የፖሊስ ወረቀቱን አቅርቦ ከደላላው መድን ሰጪ ያስመልሳል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ ይህን ወረቀት አያውቀውም፤ መያዣውንም አይቀንስም። እንዲያውም የራሱን ሽፋን በሦስት እጥፍ ዋጋ እንዲገዛ ሊገፋፋው ይችላል። የገዛው ሰው ለአንድ አደጋ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የፖሊስ ወረቀት የሌለው ጉዳት ትልቅ ራስ ምታት ነው። ጋራዡ ያለ ፖሊስ ሪፖርት አይጠግንም፤ መድን ሰጪውም አይከፍልም። ሾፌሩ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ያገኘችውን ትንሽ ጭረት ንቆ ቢያልፋት ጉዳቱ በሙሉ በእርሱ ይጻፍበታል። እዚህ አገር ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ሳያነሳ መኪናውን የማያንቀሳቅስ ሰው እዚያም ያንኑ ልማዱን ይዞ መሄድ ይገባዋል።

የአሜሪካው ዘመድ ያስያዘው መኪና

አንዳንዱ ነጋዴ ይህን ሁሉ ጣጣ ለመሸሽ ውጭ አገር ያለ ዘመዱን ያስቸግራል። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለው የወንድም ልጅ «ጋሼ፣ እኔ በካርዴ አስይዝልሃለሁ» ይላል። ቅን ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ወጥመድ አለበት።

አንደኛ፣ አከራዩ የሚቀበለው በዋናው ሾፌር ስም የወጣ ካርድ ነው። የወንድም ልጁ ካርድ ኪራዩን ሊከፍል ይችላል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ጋሼ በራሳቸው ስም የወጣ ካርድ ይጠየቃሉ። ሁለተኛ፣ ድረ ገጹ የሾፌሩን መኖሪያ አገር ይጠይቃል። የወንድም ልጁ ሳያስበው አሜሪካ ብሎ ይሞላል። በአሜሪካ የሚኖር ሰው የራሱ መኪናና የራሱ ኢንሹራንስ ይኖረዋል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ለሚነሳ መኪና ለነዋሪዎች የሚታየው ዋጋ በአብዛኛው የጉዳት ሽፋንንም ሆነ በቂ የሦስተኛ ወገን ሽፋንን አይጨምርም። ከሌላ አገር ለሚመጣ እንግዳ የሚታየው ዋጋ ግን ብዙውን ጊዜ እነዚህን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በነዋሪ ዋጋ የተያዘው መኪና በወረቀት ላይ ይረክሳል፤ ጋሼ ግን ያለ ሽፋን ይነዳሉ፤ ወይም ጠረጴዛው ላይ የቀረውን በውድ ይገዛሉ። የሚያዋጣው መኖሪያ አገርን እውነተኛውን መሙላት ነው።

መንጃ ፈቃዱም እንዲሁ ከቦሌ በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። በኤምሬቶች እንደ አሜሪካና እንግሊዝ ካሉ ከተዘረዘሩ አገሮች መንጃ ፈቃድ ያወጣ ጎብኚ በአገሩ ፈቃድ ይነዳል፤ ሌላው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ መያዝ አለበት። ኤምሬቶች ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ የዚያው አገር መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ዱባይ ቢሮ ከፍተው የሚመላለሱ ነጋዴዎች ይህን ማስታወስ አለባቸው። ጓንዡ ለሚሄድ ነጋዴ ጉዳዩ ከዚህም አጭር ነው። ቻይና ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድን አትቀበልም፤ የራሷን ጊዜያዊ ፈቃድ ያላወጣ እንግዳ ከነሾፌሩ መከራየት ይሻለዋል።

ሕጉ የት ድረስ ይደርሳል?

ሸማቹን የሚጠብቅ ሕግ የለም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። በአውሮፓ አለ፤ እርሱም ቢሆን ወሰን አለው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2005 ኢዚካር በተባለው የእንግሊዝ አከራይ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በርቀት የገዛ ሸማች ሐሳቡን ቀይሮ ውሉን እንዲሰርዝ የተሰጠው መብት መኪና ኪራይን እንደማይመለከት ወስኗል። ጫማ በኢንተርኔት የገዛ አውሮፓዊ በቀናት ውስጥ ሊመልስ ይችላል፤ መኪና የተከራየው ግን ያለው ውሉ ላይ የተጻፈው የመሰረዣ ደንብ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 አቪስ፣ ዩሮፕካር፣ ኢንተርፕራይዝ፣ ኸርትዝና ሲክስት ከአገሮቹ የሸማቾች ባለሥልጣናት ጋር ተነጋግረው አሠራራቸውን መለወጣቸውን አስታውቋል። ግዴታ የሆኑ ክፍያዎች በሙሉ ከሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲገቡ፣ ሽፋኑ የማይጨምረው ነገር በግልጽ እንዲጻፍ፣ ለጉዳት ከማስከፈል በፊት ማስረጃ እንዲቀርብና ተከራዩ እንዲከራከር ዕድል እንዲያገኝ ተስማምተዋል። ከአቤቱታ ብዛት የመጣ ለውጥ ነው። አምስቱ ስመ ጥር ኩባንያዎች በአውሮፓ ሳይቀር እስከዚያ ድረስ ተቆጣጣሪ ያስፈለጋቸው ከሆነ፣ ዱባይ ውስጥ በደላላ በኩል የተገኘው ስሙ ያልተሰማ አከራይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ነጋዴው ራሱ ይገምት። ለዚህ ኪራይ የአዲስ አበባ ፍርድ ቤት አይደርስለትም፤ የብራስልስ ባለሥልጣንም እንዲሁ። የሚደርስለት ቀድሞ ያነበበው ውል ነው።

ምን ይደረግ?

መልሱ በኢንተርኔት አትከራዩ የሚል አይደለም። በአንድ ቀን ዴራ፣ ሻርጃና ጀበል አሊ መድረስ ያለበት ነጋዴ፣ በተለይም ሁለት ሦስት ሆነው ወጪውን የሚካፈሉ ባልደረቦች፣ መኪና ይጠቅማቸዋል። ሥራው ዴራ አካባቢ የሆነ ሰው ግን ሜትሮና ታክሲ ያዋጣዋል፤ ካርዱም ነፃ ይሆናል። ውሳኔው በቀን ኪራዩ ዋጋ ላይ ሳይሆን በመያዣው ላይ መመሥረት አለበት።

መኪናው የሚያስፈልገው ነጋዴ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። አከራዩ ማን ነው? ጠረጴዛው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው ወይስ በአውቶቡስ የሚኬድበት ነው? ምን ዓይነት ካርድ ይቀበላል፣ ምን ያህል ያግዳል፣ በስንት ቀን ይለቃል? ጉዳት ቢደርስ ከኪሱ የሚወጣው ትልቁ ገንዘብ ስንት ነው? እነዚህ መልሶች ድረ ገጹ ላይ አሉ። ያሉት ግን ከፎቶግራፉ ሥር ሳይሆን የኪራይ ደንብ በሚል ትንሽ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ደንቡን ገልብጦ በስልኩ ያስቀመጠ ሰው ጠረጴዛው ላይ የሚነጋገርበት ማስረጃ አለው። የበረራውን ቁጥር ማስመዝገብም አይዘንጋ፤ አውሮፕላኑ ዘግይቶ ተከራዩ በሰዓቱ ካልደረሰ መኪናው ለሌላ ተሰጥቶ ገንዘቡም ሊቀልጥ ይችላልና።

መኪናውን ሲረከብ ዙሪያውን፣ ጎማውን፣ የነዳጅ መለኪያውንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ሲመልስም ይህንኑ መድገም አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሒሳቡ በዶላር ይሁን በድርሃም ተብሎ ሲጠየቅ በአገሩ ገንዘብ ማለት ይሻላል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚመነዘረው ዶላር የአከራዩን ትርፍ ይዞ ነው የሚመነዘረው። መኪናው ከተመለሰ በኋላም መያዣው እስኪለቀቅ ድረስ ውሉን መጣል አይገባም።

የቀረው የባንኮቻችንና የጉዞ ወኪሎች ድርሻ ነው። ለነጋዴ የጉዞ ካርድ የሚሸጥ ባንክ ይህ ካርድ ለሆቴልና ለዕቃ ግዢ ይሠራል፤ ለመኪና መያዣ ላይሠራ ይችላል ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ወጪ አያስወጣውም። ደህና ደንበኛውን በሒሳቡ አስይዞ በስሙ ክሬዲት ካርድ የሚያወጣለት ባንክ ደግሞ ደንበኛ አያጣም። ትኬት ቆርጦ የሚሸጥ የጉዞ ወኪልም የኪራዩን ደንብ አንብቦ፣ ካርዱን አመሳክሮ፣ አከራዩን ለይቶ ለነጋዴው ቢያስረክብ የሚያገኘው ኮሚሽን የሚገባው ነው። ደላላውን በስልኩ ላይ የሚያገኘው ነጋዴ የጎደለው ደንቡን የሚያነብለት ሰው ነውና።

እስከዚያው ድረስ ነጋዴው የራሱን ጥያቄ ይዞ ይብረር። መኪና ሲገዛ ሊብሬው በማን ስም ነው እንደሚል ሁሉ፣ ሲከራይም ባለቤቱ ማን ነው፣ ዋሱስ ስንት ዶላር ነው ይበል። መልሱን ሳያገኝ ካርዱን ከኪሱ ባያወጣ የሚያጣው አንዲት የመኪና ፎቶግራፍ ብቻ ነው።